የፖሊስተር ጨርቅን ለይቶ ማወቅ፣ ማጠብና መተኮስ

በጎንደር ቅዳሜ ገበያ የተዘረጋው ነጭ ጨርቅ ሁሉ ከሩቅ ጥጥ ይመስላል፤ ሻጩም «ንጹሕ ጥጥ ነው» ማለቱ አይቀርም። ለይቶ ለማወቅ ከጠርዙ ሁለት ሦስት ክር ተመዝዞ፣ በወረንጦ ተይዞ፣ ውሃ ካለበት ሳህን በላይ በክብሪት ይለኮሳል። ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድና በጣት ሲነካ የሚበተን ዐመድ ይተዋል፤ ፖሊስተር ግን ከነበልባሉ እየሸሸ ይኮማተራል፣ ጥቁር ጭስ እያወጣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም እንደ ዶቃ የጠጠረ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ሁለቱም ምልክት ከታየ ጨርቁ ቅይጥ ነው፤ ለሸሚዝ የተለመደው 65 በመቶ ፖሊስተርና 35 በመቶ ጥጥ ነው።

ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች የሚሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብቱ የተመዘገበ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ጠባዩን ለመረዳት ውሃ እንደማይጠጣ፣ ቅባት ግን እንደሚወድ ማወቅ ይበቃል። በተለመደ አየር ውስጥ የሚይዘው እርጥበት ከክብደቱ 0.4 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ጥጥ ከ7 እስከ 8 በመቶ ይይዛል። በክረምት ማታ ታጥቦ ቤት ውስጥ የተሰጣ የተማሪ ዩኒፎርም ጠዋት ደርቆ የሚገኘው፣ በቀትር ፀሐይ ደግሞ ላብ ሳይመጥ ገላ ላይ የሚለጠፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለዩኒፎርም፣ ለመጋረጃና ለጃንጥላ ይመረጣል፤ ለሕፃን የውስጥ ልብስ ባይሆን ይሻላል።

የወጥ ቅባት ሲፈስበት በውሃ ብቻ መፈተግ ከንቱ ድካም ነው። ቅባቱ በሶፍት ከተመጠጠ በኋላ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ሳይቀጥን ታሽቶበት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል። የፈላ ውሃ አይመከርም፤ ክሩ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ መለስለስ ስለሚጀምር፣ ተጨማድዶ ከቀዘቀዘ ጭምድዱ እንዲሁ ይቀራል። ልብስ ሰፊዎች የጉርድ ቀሚስ ሽንሽን የሚያጸኑትም ይህንኑ ጠባይ ተጠቅመው ነው።

ሲተኮስ ልብሱ ይገለበጥና እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ይደረብበታል። የከሰል ካውያ ሙቀቱን የሚቀንሱበት ማዞሪያ ስለሌለው አስቀድሞ በብጣሽ መሞከር ይገባል፤ እኔ ይህን ቸል ብዬ በልጄ ሱሪ ጉልበት ላይ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ የካውያ አፍ ትቼበታለሁ፤ የቀለጠ ክር ነውና በእጥበት አይለቅም።

እንጀራ ሲጋገርም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይዞ ሲቆም የጥጥ ልብስ ይመረጣል። ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ከተጣበቀ መጎተት አይገባም፤ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱበት ቆይቶ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።