የፎቶ መጽሐፍ ሲታዘዝ የሚመጣውን «ጥራቱ ዝቅተኛ ነው» ማስጠንቀቂያ ያስወገደው ነገር

ስልክ ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ፎቶ 20 በ30 ሴንቲሜትር ገጽ ላይ ሲገባ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ሲያጎሉት ቅንድብና ፀጉር ይደበዝዛል።

ፎቶሾፕ ላይ ዲፒአዩን (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚታተሙትን ነጥቦች ብዛት) ከ72 ወደ 300 ብቻ መቀየር አልሠራም፤ ቁጥሩ እንጂ ፒክስሉ፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባቸው ነጥቦች፣ አይጨምርም። ፒኤንጂ ወደሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት መለወጡም ፋይሉን ከማሳበጥ አላለፈም።

ነገሩ ያለው አላላኩ ላይ ነው። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ረጅም ጎኑ ብዙ ጊዜ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። ይህ በ300 ዲፒአይ 11 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ለ30 ሴንቲሜትር ግን 3543 ፒክስል ያስፈልጋል።

የሠራው፦ ፎቶውን ያነሳው ሰው ዋናውን «ፋይል» በሚለው በኩል እንደገና ላከ። ከዚያ አሮጌውን ከፎቶ መጽሐፉ ፕሮጀክት ሰርዞ አዲሱን በሌላ ስም መጫን ነው፤ ስሙ አንድ ከሆነ የድሮው ምስል ገጹ ላይ ሊቀር ይችላል።