አንድ ደንበኛ በሦስት ኮድ፦ የደንበኛ መዝገብ ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ፦ ሂሳብ ክፍል «ደንበኛው ከፍሏል» ይላል፤ ሽያጭ ክፍል «ዱቤው ሞልቷል» ብሎ ዕቃ ይከለክለዋል። ሁለቱም ስክሪኑ ያሳያቸውን ነው የሚናገሩት። ደንበኛው ግን ሁለት ሦስት ኮድ (ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሚሰጠው መለያ ቁጥር) ላይ ተበታትኗል። ከቃሊቲ እስከ ገላን ባሉ የአከፋፋይ መጋዘኖች ስጠራ በብዛት የሚያጋጥመኝ ይኸው ነው።

መነሻው፦ አንደኛ፣ ኤክሴል። ቲን ነምበር (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) 10 አሃዝ ነው፤ በ00 የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። ዓምዱ በቴክስት ካልተዘጋጀ ኤክሴል የፊት ዜሮዎቹን ይበላቸዋል፤ በ09 የሚጀምር ስልክም እንዲሁ። ያው ፋይል ተመልሶ ሲስተም ላይ ሲጫን የነበረውን ደንበኛ ስለማያገኘው አዲስ ይከፍታል።

ሁለተኛ፣ ሞክሼ (ድምፃቸው አንድ የሆነ) ፊደላት። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ናቸው። ጸጋዬና ፀጋዬም እንደዚያው። የአባት ስም አንዴ ይጻፋል፣ አንዴ ይቀራል፤ ሌላው ደግሞ በሱቁ ስም ይመዘግበዋል። መዝጋቢው ፈልጎ ሲያጣ ሌላ አጻጻፍ ሳይሞክር «አዲስ ደንበኛ» የሚለውን ይጫናል። ይህ ቸልተኝነት ነው፤ ዳፋው የሚተርፈው ለደንበኛው ነው። አንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ዘንድ የዱከም ባለሱቅ የከፈለውን ዕዳ ደጋግሞ ሲጠየቅ የባንክ ስሊፑን ሁሉ ሰብስቦ መጣ። ሽያጩ በአንዱ ኮድ፣ ክፍያው በሌላው ገብቶ ነበር። የከፈለ ሰው እንደ ባለዕዳ ቆሞ ሲያስረዳ ማየት ያናድዳል።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ ባካፕ (የመዝገቡን መጠባበቂያ ቅጂ) ያዙ። ቀጥሎ ዝርዝሩን በቲን ደርድሩ። ከ10 አሃዝ ያነሰውን ፊቱን በዜሮ ሙሉና ከቲን ሰርተፍኬቱ ጋር አመሳክሩ፤ በግምት አትለፉ። ለስም የተለየ የመፈለጊያ ዓምድ ክፈቱ፤ እዚያ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው ለውጡ፤ ሃና ሀም አንድ ይሁኑ። ደረሰኝ ላይ የሚወጣው ስም ግን በንግድ ፈቃዱ እንዳለ ይቆይ፤ አትንኩት።

የተደጋገመውን ኮድ በፍጹም አትሰርዙ! ያለፉት ደረሰኞች የተያያዙት ከእሱ ጋር ነው። ቀሪ ሂሳቡን ሥራ ላይ ወደሚቆየው ኮድ አዛውሩ፣ አሮጌውን ዝጉ፣ ወዴት እንደተዛወረ ጻፉበት። በስልክ ቁጥር ብቻ ሁለት ሰው አታዋህዱ፤ ወንድማማቾች በአንድ ስልክ ያዛሉ። አንድ ቲን ብዙ ቅርንጫፍ ሊኖረው ይችላል፤ ቅርንጫፎቹን ማድረሻ አድራሻ አድርጋችሁ በዋናው ኮድ ስር አስገቧቸው። ከዚያ በኋላ አዲስ ኮድ የመክፈት ፈቃድ ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጥ፤ አለዚያ ያጸዳችሁት መዝገብ ብዙም ሳይቆይ ይበላሻል።

ሌሎች የመዝገብ ችግሮች፦ የቡራዩ፣ የሰበታ ወይም የሱሉልታ ደንበኞች ከሪፖርት ከጠፉ፣ በ2015 ዓ.ም. እነዚህን ከተሞች ጠቅልሎ ሸገር ከተማ ሲመሠረት ግማሹ አድራሻ ተቀይሮ ግማሹ ቀርቷል፤ የአድራሻ ሰንጠረዡን አስተካክሉ። ክምችት 12 ወይም 24 እጥፍ ከተዛነፈ ካርቶንና ፍሬ ተምታተዋል። ቀን በ7 ወይም በ8 ዓመት ከራቀ የዘመን አቆጣጠሩ ተደባልቋል።