በክረምት ከባሕር ዳር መኪና ለሚያሽከረክሩ

በባሕር ዳር እንደ ሰሜን አውሮፓ መንገዱን ለወራት የሚሸፍን በረዶ የለም፤ ይሁን እንጂ በክረምት ከዝናቡ ጋር የሚወርደው የበረዶ ጠጠር አስፋልቱን ለጥቂት ደቂቃዎች ሲያለብሰው፣ ጎማው የሚረግጠው መንገዱን ሳይሆን የሚንከባለለውን ጠጠር ስለሚሆን መኪናው ለፍሬን በቀላሉ አይታዘዝም። በዚህ ጊዜ ፍሬን በድንገት መርገጥም ሆነ መሪን በኃይል መጠምዘዝ መንሸራተቱን ያባብሰዋል፤ እግርን ከነዳጅ መስጫው ቀስ አድርጎ ማንሣትና ማርሹን አንድ በአንድ እየቀነሱ ፍጥነትን ማብረድ ይሻላል።

ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ግን ከበጋው በኋላ የሚጥለውን የመጀመሪያውን ካፊያ ነው። የተጠራቀመው አቧራና የፈሰሰው ዘይት ከጥቂት ውኃ ጋር ሲደባለቅ አስፋልቱን ሳሙና የተቀባ ያስመስለዋል፤ እኔም ከዶፉ ይልቅ የምፈራው ይህንኑ ነው። ፍጥነት በሰዓት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲያድግ፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ያህል ስለሚሆን፣ በየመሐሉ ከሚቆመው ባጃጅ ራቅ ብሎ መከተል ያስፈልጋል።

ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ደግሞ የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ በሚያጥለቀልቁበት ወቅት መንገዱን የሚያቋርጥ ውኃ ካጋጠመው፣ ሌላ ተሽከርካሪ ስላለፈ ብቻ ተከትሎ አይግባ፤ ጎርፉ አስፋልቱን ከሥሩ ሸርሽሮት ሊሆን ይችላልና።