ለበጎ ፈቃደኞች ስብስብ የስነ ምግባር ደንብ እንዴት ይዘጋጃል?

በጎ ፈቃደኛ ደሞዝ የለውም። ቅር ሲለው መልቀቂያ አያስገባም፣ ዝም ብሎ ይቀራል። ለዚህ ነው ደንቡ ሰው ሁሉ ገና ሲዋደድ መጻፍ ያለበት። ጠብ ከተነሳ በኋላ ከመጣ «እሱን ለማባረር ያወጡት ነው» መባሉ አይቀርም።

መጀመሪያ ሦስት ወይም አራት አርቃቂ ምረጡ። መስራቾቹ ብቻ እንዳይሆኑ። በቅርብ የገባ ሰው ይኑርበት፣ ሴቶችም ይኑሩበት። ነባሩ የለመደውን ነገር አዲሱ ቶሎ ያየዋል።

ከባዶ አትነሱ። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ኮንትሪቢውተር ኮቨናንት» የተባለ ዝግጁ የስነ ምግባር ደንብ ብዙ የሶፍትዌር በጎ ፈቃደኞች ወስደው ይሠሩበታል፤ መቅዳትም የተፈቀደ ነው። ከዊኪፔዲያ ጀርባ ያለው ድርጅት ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽንም በ2021 እ.ኤ.አ. የአማርኛውን ጨምሮ ለሁሉም ዊኪፔዲያዎች የሚሠራ ደንብ ይፋ አድርጓል። ለአጻጻፉ ግን የሰፈራችሁን እድር መተዳደሪያ ደንብ ብታዩ ይሻላል ባይ ነኝ። እድር «አባላት ይተጋገዙ» ብሎ አያልፍም። ከቀብር የቀረ ስንት እንደሚቀጣ ይጽፋል።

እናንተም የሚከለከለውን ነገር በሚታይ ድርጊት አስቀምጡ። «ጨዋነት የጎደለው ንግግር ክልክል ነው» የሚል አንቀጽ ማንንም አይነካም፤ ጨዋ አይደለሁም የሚል የለማ! እንዲህ ይሁን፦ «የአባልን ስልክ ቁጥር ሳያስፈቅዱ ለሌላ ሰው መስጠት አይቻልም።» «በብሔር፣ በሃይማኖት ወይም በአነጋገር መቀለድ ክልክል ነው፤ 'ስቀልድ ነው' ማለት አያድንም።» የምትረዷቸውን ሰዎችም አትርሱ። ዱቄትና ዘይት ሲቀበሉ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ያለ ፈቃዳቸው እንደማይቻል ይጻፍ። ጠቅላላው ከአንድ ገጽ አይለፍ።

ብዙ ደንብ ወረቀት ላይ የሚቀረው ቅሬታው ማን ጋ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ነው። «ለሰብሳቢው ያመልክቱ» ይላል። ጥፋተኛው ሰብሳቢው ከሆነስ? እኛ ዘንድ ደግሞ ይሉኝታ አለ፤ በታላቅ ላይ አቤት ማለት ይከብዳል። ስለዚህ አመራር ውስጥ የሌሉ ሁለት ቅሬታ ተቀባዮች ይመረጡ፣ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ክሱ አንዳቸውን የሚነካ ከሆነ ያ ሰው ከጉዳዩ ይውጣና ሌላ ይተካ። መልስ የሚሰጥበት ቀንም ይወሰን። የመጀመሪያው መልስ አጭር ቢሆን ይበቃል፦ «መልእክትሽ ደርሶኛል። ጉዳዩን አይተን እስከ ሐሙስ እንነግርሻለን። ስምሽን ሳናስፈቅድሽ ለማንም አናነሳም።»

ሽምግልና ለቅያሜ ጥሩ ነው። አንዱ ሌላውን ሰው ፊት ከተቆጣው ቡና አስፈልቶ ማስታረቅ ይቻላል። ለጾታዊ ትንኮሳ ግን ሽማግሌ አይላክም። «ለቡድኑ ስም ስትይ ተይው» የሚል እርቅ እሷን ያስወጣል፣ እሱን ያስቀራል። ወንጀል ከሆነ የሚሄደው ወደ ፖሊስ ነው፤ ይህም በግልጽ ይጻፍ።

ቅጣቱ በደረጃ ይሁን፦ ምክር፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ጊዜያዊ እገዳ፣ ስንብት። ከባድ ጥፋት ግን ደረጃ ሳይጠብቅ ወደ ስንብት ሊሄድ እንደሚችል ጨምሩበት።

መስራቹስ? እሱንም ይነካዋል። ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት እምብርት (ከርነል) ሠሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ የስነ ምግባር ደንብ ሲቀበሉ፣ መስራቹ ሊነስ ቶርቫልድስ በኢሜይል ሰው ላይ ስለሚሰነዝረው ኃይለ ቃል ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ሳምንታት ከሥራው ዞር ብሎ ነበር። ትልቅ ሰው ነው ብላችሁ የምታልፉት ካለ ደንቡን ባትጽፉት ይሻላል።

ረቂቁን ስብሰባ ላይ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ አስተያየት ተቀበሉ፣ ድምፅ ስጡበት፣ ቃለ ጉባኤ ያዙ። ግሩፑ ላይ ፒን ይደረግ። አዲስ ገቢ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንብቦ ይስማማ። በዓመት አንዴ ደግሞ ከልሱት። የቅሬታ ተቀባዮቹ ስልክ ከተቀየረ ግን ዓመቱን አትጠብቁ፣ ያኑ ቀን አስተካክሉት።