ድኙን ከእሳቱ በፊት መያዝ፦ ለቤት ባዮጋዝ የዝገት ማጣሪያ

ከእበት የሚወጣው ጋዝ ሜቴን ብቻ አይደለም። ድኝ ያለበት፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አብሮት ይመጣል፤ የዶሮ ኩስ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ምድጃው ሲለኮስ ሽታው ይጠፋል፣ ድኙ ግን የትም አልሄደም፤ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሆኖ ዓይንና ጉሮሮ ይለበልባል፣ ምድጃውንም ይበላል።

ዝገት ድኙን ስለሚይዝ፣ ጋዙ ምድጃው ጋ ሳይደርስ የዛገ ብረት በተሞላ ቱቦ ውስጥ ይለፍ። 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ቁረጡ። የታችኛውን ክዳን በሙጫ ግጠሙ፣ የላይኛው የሚከፈት ይሁን። ጋዙ ከታች ገብቶ በላይ ይውጣ። መሙያው ቶርኖ ቤት የሚጣለው የብረት ፍቅፋቂ ነው፤ ማግኔት የማይስበውን ተዉት። ዘይት ስላለበት በሙቅ ውሃና በኦሞ ካልታጠበ አይዝግም። ከዚያ ጨው ጣል ባለበት ውሃ እያረጠባችሁ ጥላ ሥር አስጡት። ድሬዳዋ ቶሎ ስለሚደርቅ ጠዋትም ማታም መርጨት ነው። ቀለሙ ጡብ ሲመስል፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ሙሉት። አትጠቅጥቁት፤ ግፊቱን ይውጥና እሳቱ ይሰንፋል። መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ፈትሹ፤ ክብሪት እንዳታስጠጉ።

መሙያው ሲጠግብ በምን ይታወቃል? ከማጣሪያው በኋላ ባለው ቱቦ ውስጥ ከኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠ የመዳብ ሽቦ አስገቡ። ሽቦው ከጠቆረ ድኙ እያለፈ ነው። አፍንጫን አትመኑ፤ ጋዙ ከ100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 100 እጅ) ሲበልጥ ይደነዝዛል።

ስትቀይሩ ዋናውን ቫልቭ ዝጉና ደጅ አውጥታችሁ ክፈቱ። የጠቆረው ዝገት አየር ሲያገኝ ይግላል፣ ሊነድም ይችላል። ስለዚህ ጥላ ውስጥ ቆርቆሮ ላይ ስስ አድርጋችሁ ውሃ እየረጫችሁ አስጡት፤ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ፣ ያውም በድሬዳዋ ቀትር፣ አይሞከርም። ሲቀላ መልሳችሁ ሙሉት። ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ ድኝ ስለሚሸፍነው ከጉድጓድ ውሃ ርቃችሁ ቅበሩት። ከቆሻሻ ጋር ካቃጠላችሁት የያዛችሁትን ሁሉ መልሳችሁ ለቀቃችሁት ማለት ነው።

እሳቱ በደንብ ሳይነድ ሲቀር የሚወጣውን ሽታ የሌለው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ይህ ማጣሪያ አይነካውም። ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ የድስቱ ቂጥ ጥላሸት ከያዘ፣ ሰማያዊ እስኪሆን የምድጃውን የአየር ቀዳዳ ክፈቱ። ሐረር ማታ ቢበርድም መስኮት ዘግቶ ማብሰል አይሆንም።

ከቆሻሻ መጣያ የሚወጣ ጋዝ ሌላ ጣጣ አለው። ከሻምፑና ከቅባት የሚመጣው ሲሎክሳን የሚባል ውህድ ሲነድ እንደ ዱቄት ነጭ ሲሊካ (የአሸዋ ዘር) ሆኖ ሞተር ውስጥ ይጋገርና ሲሊንደሩን ይፍቃል። ዝገት አይይዘውም፤ አክቲቬትድ ካርቦን (ለማጣሪያ የተዘጋጀ ከሰል) ይፈልጋል።