ፕሮግራሙ «ኖት ሪስፖንዲንግ» ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ሪስታርት አድርጋችኋል፣ ኬብሉን ነቅላችሁ ሰክታችኋል ብዬ ልነሳ። ይህ በሲ ሻርፕ የዊንዶውስ ዴስክቶፕ ፕሮግራም ለሚጽፉ ነው። ከመርካቶ እስከ ካዛንቺስ ሱቁና ፋርማሲው የሚጠራን በአብዛኛው ለአንድ ዓይነት ብልሽት ነው፤ ሌላውን ቶሎ ቶሎ እንለፈው።

ጠዋት ደህና የነበረው ከሰዓት በተን ይጠፋበታል፣ ጥቁር ሳጥን ይታያል

የጂዲአይ ሃንድል (ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ የሥዕል መሣሪያ የሚሰጠው መለያ) እያለቀ ነው። ለአንድ ፕሮሰስ በነባሪ የተፈቀደው 10,000 ነው። ታስክ ማናጀር ላይ የጂዲአይ ኦብጀክትስን ዓምድ አውጡና ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ ተመልከቱ። ብሩሽ፣ ፎንት፣ ቢትማፕ የፈጠረ ራሱ ዲስፖዝ ያድርግ።

እናንተ ጋ ኤረር ያወጣል፣ ደንበኛ ጋ ዝም ብሎ ይዘባርቃል

መስኮቱን ከፈጠረው ዋናው ትሬድ (የሥራ መስመር) ውጭ፣ ከሌላ ትሬድ ሆናችሁ ቴክስት ቦክስ እየነካችሁ ነው። ይህን የሚይዘው ፍተሻ በነባሪ የሚሠራው ዲበገር ሲኖር ብቻ ነው። ሥራውን ወደ ዋናው ትሬድ የሚመልሰውን ኢንቮክን ተጠቀሙ። ፍተሻውን በአንድ መስመር አጥፍቶ «ተስተካክሏል» ብሎ ብር የተቀበለ ሰው ኮድ አይቻለሁ።

መስኮቱ ይነጣል፣ «ኖት ሪስፖንዲንግ» ይላል

ዋናው ይሄ ነው። መስኮቱን የፈጠረው ትሬድ ለ5 ሰከንድ ያህል ከመልእክት ወረፋው ምንም ካላነሳ ዊንዶውስ ፕሮግራሙን እንደ ደረቀ ይቆጥረዋል። በሌላ አነጋገር፣ በተኑ ክሊክ ውስጥ ረጅም ሥራ ጽፋችኋል። የድሮው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የኦኤስ 2 ፕሮግራመሮች አንዱን መልእክት በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ጨርሱ ይባሉ ነበር፤ የግብዓት ወረፋው ለሁሉም አንድ ስለነበር የአንዱ ስንፍና ማሽኑን በሙሉ ያስቆም ነበር። ዛሬ ዊንዶውስ ጎረቤቶቻችሁን ያድናል፤ እናንተን ግን አያድንም።

ኮዱን ከመክፈታችሁ በፊት ሰዓት ያዙ። ወደ 15 ሰከንድ ቆሞ በኤረር ከተመለሰ ሰርቨሩ አልተገኘም፤ የኤስኪውኤል ሰርቨር ግንኙነት ነባሪ ገደብ እሱ ነው። 30 ሰከንድ ከሆነ ግንኙነቱ ደህና ነው፣ ኩዌሪው ረዝሟል ወይም ሌላ ተጠቃሚ ሰንጠረዡን ቆልፎታል። ጨርሶ ካልተመለሰ ሲፒዩውን እዩ፦ አራት ኮር ባለው ማሽን 25 በመቶ ላይ ከተቸከለ የማያልቅ ሉፕ ነው፤ ዜሮ ከሆነ አንድ ነገር እየጠበቀ ነው።

የሚጠብቀው ደግሞ አዘውትሮ የግብር ደረሰኝ የሚያትመውን ፊስካል ፕሪንተር ነው። ፕሪንተሩ የሚገናኝበት የሲሪያል ፖርት ሪድ ታይምአውት (መልስ የሚጠበቅበት ጊዜ) በነባሪ ገደብ የለውም። ፕሪንተሩ ዝም ካለ ፕሮግራማችሁ እስከ ምጽአት ይጠብቃል። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ፋርማሲ ኮምፒዩተሩ ዩፒኤስ ላይ፣ ፕሪንተሩ ግን ግድግዳው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነበር። መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ፕሪንተሩ ይሞታል፣ ፕሮግራሙ መልስ ይጠብቃል፣ ካሸሯ «ሲስተም የለም» ትላለች፣ ሰልፉ በር ላይ ይደርሳል። ከእኛ በፊት የመጣው ባለሙያ ራም ጨምሮላቸው ሄዷል! የዩኤስቢ መቀየሪያ ኬብሉም ከርካሾቹ አንዱ ነበር፤ ትንሽ ሲነካ ፖርቱ ይጠፋል። እባካችሁ፣ በአንድ ምሳ ዋጋ የተገዛ ኬብል ላይ የሱቁን ገቢ አታንጠልጥሉ።

መፍትሄው፦ ሪድ ታይምአውትንም ራይት ታይምአውትንም 3000 ሚሊሰከንድ አካባቢ አድርጉ። ከፕሪንተር ጋር የሚነጋገረውን ኮድ በታስክ ራን ወደ ሌላ ትሬድ አውጡና በአዌይት ጠብቁት። ሥራው ሲጀምር በተኑን እንዳይጫን ዝጉ፣ ፋይናሊ ውስጥ ክፈቱ። ጊዜው ካለፈ ደግሞ ትእዛዙን በጭፍን እንዳትደግሙ! ደረሰኙ ወጥቶ መልሱ ብቻ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የፕሪንተሩን ሁኔታና የመጨረሻውን ደረሰኝ ቁጥር ጠይቁ።

ዱ ኢቨንትስ (በሥራው መሃል ወረፋ የያዙትን መልእክቶች የሚያስተናግደው ትእዛዝ) ግን መፍትሄ አይደለም። ሉፕ ውስጥ ጣል ያደርጉትና መስኮቱ ይንቀሳቀሳል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። መርካቶ ውስጥ አንድ ጅምላ አከፋፋይ ጋ ካሸሩ ቸኩሎ «አትም»ን ደጋግሞ ተጫነ፤ ዱ ኢቨንትስ እያንዳንዱን ክሊክ አስገባለት፣ የአንድ ሽያጭ ደረሰኝ ተከታትሎ ወጣ። ፊስካል ደረሰኝ እንደ ኤክሴል መስመር ዲሊት አይደረግም። የሒሳብ ሠራተኛዋ ማንን እንደረገመች አልነግራችሁም።

አዌይት መጻፍ ሰልችቶት ታስኩ እስኪያልቅ ትሬዱን የሚያስቆመውን «ዶት ሪዘልት» የሚጽፍ ደግሞ አለ። ዋናው ትሬድ ታስኩን ይጠብቃል፣ ታስኩ ለመጨረስ ዋናውን ትሬድ ይጠብቃል፣ ሁለቱም ቆመው ይቀራሉ፤ ሲፒዩው ዜሮ። ከክሊኩ እስከ መጨረሻው ድረስ አዌይት አድርጉ። የዊንዶውስ ፎርምስ ታይመርም ሌላ ትሬድ አይደለም፤ ዋናው ላይ ነው የሚሠራው፣ ከባድ ሥራ አትጫኑበት።

ተዘግቶም ታስክ ማናጀር ላይ ይታያል

ያልቆመ ትሬድ አለ። የትሬዱን ኢዝ ባክግራውንድ ትሩ ማድረግ ፕሮግራሙ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋዋል፤ ነገር ግን ያ ትሬድ ደረሰኝ ወይም ፋይል የሚጽፍ ከሆነ መሃል ላይ ይቆረጣል። ለእንደዚህ ያለው ካንስል አድርጉና እስኪጨርስ ጠብቃችሁ ዝጉ።