ሞክሼ ፊደላትን በዲጂታል ጽሑፍ በትክክል ስለ መጠቀም

አንባቢ ከዐውዱ እስከ ተረዳ ድረስ አንድ ቃል በየትኛው ሞክሼ ፊደል (እንደ ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፁ አንድ፣ መልኩ ግን የተለያየ ፊደል) ቢጻፍ ለውጥ የለውም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ኮምፒዩተር ግን የሚያነጻጽረው ድምፅን ሳይሆን ቁጥርን ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ለየፊደሉ የቁጥር መለያ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ሲካተት ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280 የሚል የየራሳቸው መለያ ስላገኙ፣ የተለየ ማስተካከያ ያልተደረገለት ፕሮግራም ሦስቱን ፈጽሞ እንደማይዛመዱ ፊደላት ይቆጥራቸዋል። «ፀሐይ»ን ብንወስድ፣ የመጀመሪያው ፊደል በጸ ወይም በፀ፣ ሁለተኛው ደግሞ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ስለሚችል ቃሉ 12 መልክ ይኖረዋል፤ በአንዱ የፈለገ ሰው በቀሩት 11 የተጻፈውን አያገኝም። ትክክለኛ አጻጻፍ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ያስፈልጋል የምለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቃላትን አንድ በአንድ ከመሸምደድ ይልቅ በቤተሰብ መያዝ ይቀላል። «መጽሐፍ» በጸ እና በሐ እንደሚጻፍ ያወቀ ሰው «ጸሐፊ»፣ «ጽሕፈት» እና «ጽሑፍ» አይቸግሩትም፤ «ሕግ»ን የያዘም «ሕጋዊ»ንና «ሕገ ወጥ»ን አብሮ ይዟል። ከግእዝ የመጣ ቃል ሲያጠራጥር፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት መመልከት ይጠቅማል። መጽሐፉ የተደረደረው በአበገደ ተራ (አ፣ በ፣ ገ፣ ደ እያለ በሚሄደው) ስለሆነ በሀለሐመ የለመደ አንባቢ መጀመሪያ ተራውን ቢያጠና ይሻለዋል፤ የሚፈለገውም የረባው ቃል ሳይሆን ግሱ ነው፤ ለምሳሌ «መጽሐፍ» ሳይሆን «ጸሐፈ»።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚገባው የፊደሉ ለውጥ ትርጉሙን ሲለውጥ ነው። «ድኅነት» መዳን ሲሆን «ድህነት» ማጣት ነው። «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥል ሰው ሲሆን፣ በጸሎት የምንሰማው «ሰአሊ» ግን ለምኝልን የምንልበት ቃል ነው። እንዲህ ያሉትን ለይቶ በአንድ ገጽ መዝግቦ ማስቀመጥና በስልክ ቁልፍ ሰሌዳ የግል መዝገበ ቃላት ውስጥ ማስገባት ሥራውን በእጅጉ ያቃልላል።

የሰው ስም ግን በዚህ ሥርዓት አይዳኝም። ባለቤቱ በመታወቂያው ላይ «ሀይሉ» ተብሎ ከተመዘገበ፣ የግእዙ ሥር «ኃይል» ነው ብሎ ማረም በመዝገብ ሲፈለግ እንዳይገኝ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ከሰነዱ እንዳለ መገልበጥ ይገባል።

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ በ«ፈልግና ተካ» ማረም ይቻላል። ነገር ግን ነጠላ ፊደልን በነጠላ ፊደል መተካት ትክክለኞቹን ቃላት ጭምር ስለሚያበላሽ፣ ሙሉ ቃልን በሙሉ ቃል እየተኩ እያንዳንዱን ለውጥ በዐይን አይቶ ማጽደቅ ያስፈልጋል።